ሥራዬ ከሌላ ቦታ ተከፈተ

"ሠራሁት ያልሽው ይሄ ነው?" አሉኝ የኮምፒውተር ክበባችን መምህር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ዛሬ ደሴ ለውድድር የሚሄድ አንድ ተማሪ የሚመረጥበት ቀን ነበር።

በፓይተን ቋንቋ የጻፍኩትን ፕሮግራም የሌሎቹ ሥራ እንዳያበላሸው ብዬ በራሴ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ለብቻው በተለየ የሥራ ቦታ ውስጥ ነው የሠራሁት። መምህሩ ግን ኮዳችንን የምናስኬድበትን ጁፒተርን የከፈቱት ሁላችን ከምንጋራው ኢንቫይሮንመንት ነው። እኔ የጫንኩት ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) እዚያ ስለሌለ ስክሪኑ በቀይ ስህተት ተሞላ።

"ጋሼ፣ ከእኔ ኢንቫይሮንመንት ይክፈቱልኝ" ብል ይበቃ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። (ከኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው አፍ ያለኝ።)

ሌላ ልጅ ተመረጠ።

ጓደኛዬ ዘሀራ "አብሽሪ፣ ለከርሞ ትሄጃለሽ" አለችኝ። ለከርሞ እንኳን ደሴ እዚሁ ከተማችን መካነ ሰላምም አልገኝም። አክስቴ ጅዳ ልትወስደኝ ፓስፖርቴን አስጨርሳለች።

መልሱን እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን መሆን አልፈልግም።