በጾም ቅቤ የነካሁላት ውሻ

ቡሬ የገባነው ባለቤቴ ለማስተማር ተመድቦ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ አንዲት ቡላ ውሻ ያዝን። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል እኔንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን የምትጠብቀን እሷ ነበረች።

በሁዳዴ አጋማሽ ደጃፉን ማርጠብ ጀመረች። በየእርምጃው ቁጢጥ ትላለች፤ የሚወርደው ግን ጠብታ ነው። ደም ሳይበት ወንድ ፈልጋ ነው ብዬ ጓሮ አሰርኋት፤ ቡችላ እንዳይበዛብን። ደጃፉን እንዳታረጥብም ውኃ ቀነስሁባት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ባሰባት። በታሰረችበት ስለማትሸና ይዛው ትውላለች፤ ስትፈታ እያቃሰተች ትሞክራለች። ሽንቷ ይከረፋል፤ ኋላዋን ስትልስ ትውላለች። ባለቤቴ እስከ ሆሳዕና ካልተሻላት እንደምትወገድ ነገረኝ። መወገድ ማለት መርዝ መሆኑን ልጆቹም ያውቁ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መላ አልታየውም።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድሁ። እዚያ የሚመጣው በሬና በቅሎ ነው፤ ስለ ውሻ ስናገር ወረፋ የያዙት ገበሬዎች ሳቁ። ሐኪሙ አልሳቁም። ወንድ ውሾች ይከተሏት እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድም ደጃችን አልመጣም ነበር።

«እንግዲያ ወንድ አልፈለገችም፣ እናቴ። ሽንቷ እያቃጠላት ነው።»

እንድፈታት፣ ውኃ እስክትጠግብ እንዳጠጣት፣ የጠዋት ሽንቷንም በንጹሕ ዕቃ እንዳመጣ አዘዙኝ።

በማግስቱ እጀታው ረጅም ጭልፋ ቀቅዬ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኋት። ጎረቤቴ በአጥር አየችኝና «አንቺ፣ ውሻም ይታለብ ጀመር?» አለችኝ። እኔ ጭልፋው እንዳይደፋ በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልሁ ገባሁ። ሐኪሙ ሽንቱን መርምረው የሽንት ቧንቧዋ መመርቀዙን ነገሩኝ። የዐሥር ቀን ኪኒን ሰጡኝ፤ ቢሻላትም እንዳላቋርጥ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ።

ኪኒኑን በሽሮ ብሸፍነው ሽሮውን ትውጥና ኪኒኑን ትተፋለች። በቅቤ ስጧት ብለውኝ ነበር። ቅቤው ግን አፉ ታስሮ ፋሲካን ይጠብቃል፤ እኔም በሁዳዴ ጣቴን ልነክርበት አልደፈርሁም። ሁለት ቀን በከንቱ አለፈ። በሦስተኛው ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ ጾሙ የታዘዘው ላንቺ ነው። እሷን ማን ጹሚ አላት? ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ኪኒኑን በቅቤ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሳታላምጥ ዋጠችው።

መዋጥ በጀመረች በአምስተኛው ቀን ደሙ ጠፋ። የቀረውን ኪኒን ለክፉ ቀን ላስቀምጠው ዳድቶኝ ነበር፤ ለእኛም ሲታዘዝ እንዲያ የማድረግ ልማድ አለኝ። የሐኪሙን ቃል አስቤ ጨረስሁላት።

የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ውሻዋ እኛን ልትቀበል ስትሮጥ መንገድ ላይ ቆም አለችና ቁጢጥ ብላ ሸናች፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ሳታቃስት። ልጆቹ የሚያዩት ግን እሷን ሳይሆን አባታቸውን ነበር።

«በሬ እንኳ እንዲህ አይሸናም» አለና ውኃ ሊቀዳላት ገባ።

እኔም እዚያው በሩ ላይ አምላኬን አመሰገንሁ።