ማውስ የማትነካዋ ሴት

አብነት ሰፈር አጠገብ ባለው ኢንተርኔት ቤት፣ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያገናኘውን ሰርቨር ሦስት ዓመት ሙሉ ከባለሙያው ከብሥራት በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ግን ኢሜይሏን ልታነብ የመጣች አንዲት ደንበኛ "እስቲ ልየው" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። የፕላስቲክ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል፤ ሹራቧ ክርኗ ላይ ተጥፏል። ጣቶቿን ላየ ግን ሌላ ሰው ናት። ማውሱን ገፋ አድርጋ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ስትጽፍ፣ ሰርቨሩ በቃሉ የያዛቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች ሁሉ ዝርግፍ አሉ።

ብሥራትን ቅናት ያዘው። የቤቱ ደንበኞች የሆኑ ነጋዴዎች የዱባዩን የጨርቅ አከፋፋይ ድረ ገጽ መክፈት ካቃታቸው ሳምንት ሆኗል፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ውባንቺም "እስከ ምሳ ካልሠራ ሌላ ባለሙያ እቀጥራለሁ" ብለውታል። ቢሆንም በልቡ "ምነው አንዴ በተሳሳተች" ይላል።

"የዱባዩ ሰውዬ ቤት ቀይሯል፤ ሰርቨርህ ግን አሁንም የድሮውን በር ያንኳኳል፣ ወንድሜ" አለችው፣ የአከፋፋዩን የድሮ አድራሻ ብቻ ለይታ እየሰረዘች።

"የት ተማርሽው?"

"እኔም እንዲህ ያለ ቤት ነበረኝ።" ኪቦርዱን በሹራቧ እጅጌ ቀስ አድርጋ ጠረገችው።

ድረ ገጹ ተከፈተ። እትዬ ውባንቺ ብቅ ብለው "ማነው የሠራው?" ሲሉ፣ ሴትየዋ ዘንቢሏን አነሳች።

"እሱ ነው፤ እኔ እሱ የነገረኝን ብቻ ነው የጻፍኩት" ብላ ወጣች።

ብሥራት እንጀራው ተረፈለት። ቅናቱ ግን ባሰበት፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ያንን ምስጋና ለማንም አይለቅም ነበርና።