ጺም ያወጣችው ቤቲ

ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ቤቲ አስቂኝ ሙዚቃዊ ቲያትር መሥራት መጀመሯን ሲሰሙ "አይቼ ካልወደድኩት ትተወዋለች" አሉና ከሰፈራችን ከኪሌሌሽዋ ዌስትላንድስ ወዳለው ቲያትር ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

መጋረጃው ሲከፈት አንድ ጺማም አዛውንት እየሳለ ወጣ። ቤቲ ነበረች። አሳሳሉ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አቀማመጡ፣ መድረክ ላይ ልጁ ሆና የምትጫወተውን ተዋናይ ጣቱን ቀስሮ በስዋሂሊ ዘፈን መገሠጹ፣ ቁርጥ ጋሼ ታደሰ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቁም ጠፋብኝ፤ ያቺ ቀጭን ልጅ እንዴት አባቷን ሆነች ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወደ እሳቸው መዞር ግን ፈራሁ።

ሊያልቅ ሲል ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ልጅ የሚገሠጸው እንዲህ ነው። ቤቲ ግን መቼ ነው የምትወጣው?"