የብረቷ ሻርፕ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ብረቷ» ይላታል። ይህ ስም የወጣላት ከስምንት ዓመት በፊት፣ ያ ሳንባ የሚያደርቅ በሽታ የገባ ጊዜ ነው። ከስድስቱ አጣቢዎች አምስቱ ተራ በተራ ወደቁ። ለወሬ ነጋሪ የተረፈችው እሷ ነች። የሕሙማኑን አንሶላ ታቅፋ ስትውል ሳል እንኳ አልነካትም።

መጀመሪያ ላይ እንደሷ ጠንቃቃ አልነበረም፤ ከሥራ ስትወጣ የለበሰችውን ሁሉ ከአንሶላው ጋር ትቀቅል ነበር። እየዋለ እያደረ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጠገበች። «እኔን ምን ይነካኛል!» ማለት አመጣች። የሆስፒታሉን ጨርቅ ሁሉ ስትቀቅል ውላ፣ ያቺን ቡናማ ሻርፗን እንደለበሰች ቤቷ ትገባለች።

ታናሽ እህቷ ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር አብራት ትኖር ነበር። ከግቢ የማትወጣው እህቷ በዚያው በሽታ ተይዛ በአሥር ቀን አለቀች። በሽታው በየት በኩል ገባ? ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ብረቷን ዕረፍት ነስቷታል። ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ያ የእህቷ ደረቅ ሳል ከኋላዋ የተሰማት ይመስላታል፣ ትዞራለች፣ ማንም የለም።

በዚህ ሳምንት፣ በሽታው ለምን እንዳልያዛት ለማጥናት በየዓመቱ ደሟን የሚወስደው የላብራቶሪ ባለሙያ አስጠራት።

«እናቴ፣ ምክንያቱ ተገኘ» አላት። «ቫይረስ ብቻውን ምንም አያመጣም። ሴላችን ላይ አንድ ፕሮቲን አለ፣ እሱን ጨብጦ ነው የሚገባው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አንዴ ከገባ የኛኑ ፕሮቲኖች እያሠራ ይራባል። የእርስዎ ግን ሲፈጠር ጠመም ያለ ነው፤ መጨበጫ አጣ።»

«እኔ ውስጥ አልገባም ማለት ነው?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያ እህቴን ያስያዝኳት እኔ አይደለሁማ፣ ልጄ?»

ባለሙያው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። «በትንፋሽዎ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ልብስ ላይ ግን... ትንሽ ይቆያል።»

ከዚያ ከወደ ጠረፍ ስለተሰማው አዲስ ቫይረስ ነገራት። እሱ የሚጨብጠው ሌላ ፕሮቲን ስለሆነ የእሷ ብረትነት አይመልሰውም፤ የለበሰችውን ሳትቀቅል ቤት እንዳትገባ መከራት። ብረቷ ግን መስማት አቁማለች። የሚታያት ያ ዝናባማ ቀን ነው፦ እህቷ «በረደኝ» ስትላት፣ ከሥራ እንደገባች ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ እስከ አፍንጫዋ ስትሸፍናት።

የሟቿ ዕቃ ሲቃጠል ያቺን ሻርፕ ልጅቱ ደብቃ አስቀርታታለች። ዛሬም፣ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ትራሷ ሥር አድርጋት ትተኛለች። «የእማዬ ሽታ አለባት» ትላለች። ብረቷም አንድ ቀን አፍ አውጥታ አላረመቻትም።

የዚያን ዕለት ቤት እንደገባች ትራሱን ገልጣ ሻርፗን አወጣች፣ ድስቱን ጣደች። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡናማው ቀለም ውኃው ላይ ወጥቷል።

«አክስቴ! ምን አደረግሽ? የእማዬ ሽታ ነበረባት እኮ!» ብላ አለቀሰች።

ብረቷ ማማሰያውን ከድስቱ አወጣች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ለልጅቱም የሚሻላት ያ ይመስል ነበር። ግን ያ ሳል እንደገና ከኋላዋ ተሰማት፤ በዚህ ጊዜ አልዞረችም።

«ሻርፗ የእናትሽ አይደለችም» አለች። «የኔ ነች። እናትሽን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ከሥራ መጥቼ... ሳልቀቅላት።»