ለዘበኛው ያልተነገረው ችግር

የሥራ ጓደኞቹ “ዘበኛው” ይሉታል። ዘብ ቆሞ አያውቅም፤ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚይዝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ስድስት ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይሠሩታል። ፕሮግራሙ በተበላሸ ቁጥር ተጠቃሚው አቤት የሚለው ለእሱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አቤቱታው ሁሉ በእሱ ኢሜይል ገብቶ በእሱ እጅ ወጥቷል። ምስጋናውም እንደዚያው።

ታዲያ ዘንድሮ የመጣችው፣ “አዲሷ” የሚሏት ልጅ፣ “ኢሜይሉ ይብቃን፤ ሁሉም የሚያየው የችግር ማሳወቂያ ቅጽ እንምረጥ” ስትል ፊቱ ቅጭም አለ። እልህ ይዞት በሳምንት ውስጥ የራሱን ሠርቶ አመጣ። አሥራ ስምንት ጥያቄ ነበረው። እሷ ያመጣችው ግን አንድ ባዶ ሳጥን ነው፤ ከላዩ “ምን ሆነ?” ይላል።

“ይሄ ደግሞ ቅጽ ነው? ደብዳቤ መጻፊያ እኮ ነው!” ብሎ ሳቀ።

ማንም አልሳቀም። ይባስ ብሎ የቡድኑ ሽማግሌ “እሰይ፣ የኔ ልጅ!” አሏት። ያቺን “እሰይ” እሱ ስምንት ዓመት ጠብቆ አላገኛትም።

በመጨረሻ አንድ ተጠቃሚ ሁለቱንም ለሳምንት ይሞክር ተባለ። እሱ ፈጠን ብሎ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነችውን ታላቅ እህቱን ጠቆመ። የእናቴ ልጅ ለባዳ አታዳላም ብሎ ነው።

አርብ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ሄዶ እህቱ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ። የእሱ ቅጽ ባዶ ነው። በአዲሷ ሳጥን ውስጥ ግን የእህቱ ጽሑፍ አለ፦ “የተመለሰ መጽሐፍ አንዴ ስመዘግበው እንቢ ይለኛል። ሁለቴ እመዘግባለሁ። ሦስት ዓመቴ።” ከሥሩ አዲሷ፣ “ይቅርታ እታለም፣ ይህን ያህል ስለደከሙ” ብላለች።

እታለም! ያቺ ቃል እንኳ የእሱ ነበረች።

“ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እታለም? በየሳምንቱ ምሳ አብረን እየበላን፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ ለባዳ?”

እህቱ አንድ መጽሐፍ ላይ ማኅተሟን መታች። “ነግሬህ ነበር፤ በኢሜይል። ‘መመሪያውን አንብቢ’ ብለህ መለስክልኝ።”

“ታዲያ ቅጹን አትሞይም?”

“አሥራ ስምንት ጥያቄ! ለፓስፖርት እንኳ እንዲህ አልተጠየቅኩም። እሷ ‘ምን ሆነ?’ አለችኝ፣ ነገርኳት። አንተ ግን ‘ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ በምን ገባሽ…’ ትለኛለህ። ዘበኛ ማለት ሲያንስህ ነው!”

ከወንበሩ አልተነሳም። አዲሷ ሳትቀድመው ችግሩን ለማግኘት ኮዱን ይበረብር ጀመር። አገኘው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጁ የጻፈው መስመር ነበር። አስተካከለውና ማሳወቂያው ላይ “ያስተካከለው” ከሚለው አጠገብ ስሙን ጻፈ። እህቱ አንድ መጽሐፍ አንዴ መዘገበች፤ ተቀበላት። ሁለተኛ ልትሞክር የዘረጋችው ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

ሰኞ በቡድኑ ስብሰባ ላይ የቱ ይመረጥ ሲባል ሁሉም እሱን አዩት።

“የእሷ ይሁን” አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። የራሱን ቅጽም እዚያው አጠፋው።

ወዲያው ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም የሚያየው አዲስ ጽሑፍ ገባ፦ “ወንድምዬ፣ እጅህ ይባረክ። አንቺም ልጄ፣ ስለጠየቅሽኝ ተባረኪ።”

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበባት። ሁለተኛዋን ዘለላት።