ሠርጉ ቀረ

ጎጃም ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ሰው የለም። ዓባይን ተሻግረህ እስከ ባሕር ዳር ብትጠይቅ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ይህን የምልህ፣ ወዳጄ፣ ዛሬ ጠዋት የምሠራበት ቢሮ መብራት ሄዶ ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ» ማለት ስለጀመረ ነው። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጉራዬ ይነሣብኛል። ከጉራው ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይነሣብኛል።

እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ቀድመውኝ ያወቁ ነበሩ። አብረውኝ የሠለጠኑት በሙሉ ቀድመውኝ ነው ያወቁት።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ክፍል፣ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደርድረው የሊኑክስ ሲስተም አስተዳደር ሥልጠና ከፈቱ። ኮምፒውተሮቹ ከማርጀታቸው የተነሣ ሲከፈቱ ያቃስታሉ፤ አንዳንዱማ «እግዜር ይይልህ» የሚል ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ነው። ነፋሱ ከጮቄ ተራራ ወርዶ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ ጣታችን ኪቦርዱ ላይ ይደርቃል። የጋለ ስክሪን ላይ የሚቃጠል አቧራና ጤዛ የነካው ጋቢ አንድ ላይ ይሸታሉ። ትምህርት ሲባል ዛሬም የሚሸተኝ ያ ነው።

አስተማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ «እዚህ ሲስተም ላይ ማንም ተነሥቶ የፈለገውን አይነካም። ሰው ማስገባትም ሰው ማስወጣትም የሚችለው ሩት ብቻ ነው» አለ። እኔ ሩት የሰው ስም መሰለችኝ። ከጀርባው ክፍል ተቀምጣ ቁልፍ በወገቧ የታጠቀች ኃይለኛ ሴትዮ ታየችኝ። «ናት» ሳይል «ነው» ማለቱንም የአዲስ አበባ ልጅ አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት። እጄን አወጣሁና፣

«መምህር፣ ሩት ዛሬ ትገባለች?» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሩት ለካ ሁሉን የሚችለው ተጠቃሚ መጠሪያ ኖሯል። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ከእኔ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠችው፣ ሮብ ገበያ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ እዚያው አለቀልኝ።

በማግሥቱ ስክሪኔ ለሁለት ተከፈለ። ሲስተሙ ሁለት ሰው በጽሑፍ የሚያጫውት ፕሮግራም ነበረው፤ አንዱ የነካው ፊደል ወዲያው፣ አንድ በአንድ፣ ሌላው ስክሪን ላይ ይወጣል። የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የምንጽፈው።

«ሩት ገባች?» ይላል። ልጅቱ ናት።

«አሟታል፤ እኔን ወክላለች» ብዬ መለስኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተጫወትን። ስለ አስተማሪው የተቀዳደደ ካልሲ፣ ሲቆጡት ስለሚያኮርፈው የአባቷ በቅሎ። ትጽፋለች፣ ትሳሳታለች፣ ወደ ኋላ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ፊደሎቹ ሲወጡ ሐሳቧን ከነመንገዱ የማይ ያህል ነበር።

ገና ሲቃረብ አንድ ቀን፣ «አባቴ ሊድረኝ ነው። የደብረ ኤልያስ እህል ነጋዴ ነው» ብላ ጻፈች።

«አንቺስ?» አልኩ።

ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «እኔማ ትምህርቱን ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሽማግሌ አንዴ ገብቷል። ሌላ ሽማግሌ ካልመጣ ማን ይሰማኛል?»

ያቺን «ሌላ ሽማግሌ» ብዙ ቀን ይዤያት ዞርኩ። ስበላም ስተኛም አብራኝ ናት።

ጥምቀት አለፈ። አንድ ከሰዓት ድፍረቴን አሰባስቤ፣ «የሠርጉ ነገር ምን ደረሰ?» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ቀስ እያሉ መውጣት ጀመሩ። «ሠርጉ ቀረ» ሲል መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ሁሉ ጠፋ፤ የዋናው ኮምፒውተር ዩፒኤስ ብቻ ጢጥ ጢጥ ይላል። አስተማሪው «ዛሬ አይመጣም፣ ሂዱ» አለን። ልጅቱ በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነበር። የደስታ እንባ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግሥቱ ወደ አገሯ መሄዷን ሰማሁ፤ እሱንም ለምሥራች ቆጠርኩት።

አጎቴ ዘንድ ሮጥኩ። «አጎቴ፣ የልጅቱ ሠርግ ቀርቷል። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሷ ጻፈችልኝ።»

«እስቲ ጽሑፉን አሳየኝ።»

«ጠፋ። መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ።»

«አብዷል ይኸ ልጅ!» አሉ። ግን ይወዱኝ ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሮብ ገበያ ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። የአጎቴ ጋቢ በአቧራ ተለውሷል፤ መዳፋቸው ላይ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተጣብቋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ደጁ ሲደርሱ ሰው ይርመሰመሳል፤ ዳስ እየተጣለ ነው። የልጅቱ አባት ሊያግዙ የመጡ መስለውት፣ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ያን ምሰሶ ያዙልኝማ!» አላቸው። አጎቴ ለእኔ ሊጠይቋት ሄደው፣ ለሌላ የምትዳርበትን ዳስ ምሰሶ አቁመው መጡ።

«ሠርጉ ቀረ አላሉም?» አልኳቸው።

«የቀረውስ ጠላውን መቅዳት ብቻ ነው» አሉ ተቆጥተው። ፊቴን ሲያዩ ግን ዱካ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ቀረበ ልትልህ ይሆናላ፣ የኔ ልጅ። ቀረ… በ።»

አንዲት «በ»። እሷን መብራት በላት።

ከሠርጉ በኋላ ወንበሯ ባዶ ሆነ። አንድ ጠዋት አስተማሪው፣ «ዛሬ አንተ ሩት ነህ» ብሎ ፓስወርዱን ሰጠኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። «ያቋረጡትን ሠልጣኞች አጥፋ። ቤታቸውንም ጭምር» አለ። እዚያ ሲስተም ላይ የእያንዳንዱ ሰው ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ «ቤት» ነው የሚባለው። ስሟን ጻፍኩ። «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሩት ከሆንክ ማንም አይጠይቅህም። አንድ ቁልፍ ነካሁ፤ ቤቷ ጠፋ።

የምታስበው ይገባኛል፣ ወዳጄ። «በመካከላችሁ ሁለት ወንበር ነበር። መብራቱ ሲሄድ ዞር ብለህ ለምን አልጠየቅሃትም?» ትላለህ። ለቅሶ ቤት ገብቼ አልቃሽ የማስቀው ሰውዬ፣ ያቺን ልጅ ፊት ለፊት አንዲት ቃል ተናግሬያት አላውቅም። እንደምን አደርሽ እንኳ ብያት አላውቅም።