ቋንጣዬን አልደብቅም

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤቴ ጓሮ ቋንጣ ሰቅዬ ነበር። እናቴ እንዳስተማረችኝ ሥጋውን ሳልበጥስ ረጅም አድርጌ ዘልዝዬ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽቼ ገመድ ላይ ዘረጋሁት። ከሥሩ፣ አሮጌ በርሜል ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ የገዛሁት የወይራ እንጨት ይጨሳል።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ልጆቹ የተሰቀለውን ሥጋ አይተው እንደደነገጡ ነገረኝ። «ቢያንስ ሰው የማያየው ቦታ ስቀዪው» አለኝ። ይህን ሲል ከኋላው የራሱ የአሳማ ጎድን ከጠዋት ጀምሮ ይጨሳል። ደሜ ፈላ። የእሱ ጭስ ሲሆን ባርቤኪው፣ የእኔ ሲሆን ነውር!

«እሺ፣ ቦታ እቀይራለሁ» አልኩት። ደስ ብሎት አመሰገነኝ።

ወዲያው በርሜሉን እየጎተትኩ ወጣሁና ገመዱን ከፊት ለፊት በረንዳዬ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየው ቦታ ወጠርኩት።